ዝግ ፈርምዌር በክፍት ሶፍትዌር ውስጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የዋይፋይ ካርድም ሆነ የግራፊክስ ካርድ በውስጡ የራሱ ትንሽ ኮምፒውተር አለው። ይህን ትንሽ ኮምፒውተር የሚያሠራው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። አምራቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ማሽኑ ብቻ የሚያነበውን ቅጂ ነው፤ ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበውን ምንጭ ኮድ ለራሱ ያስቀራል። እንዲህ ያለው ፋይል ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና በመሰለ፣ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ውስጥ ሲገባ ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ከጭቅጭቁም ጋር ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች።

«ሊኑክስ ውስጥ ከገባ በሊኑክስ ፈቃድ ይተዳደራል»

አይተዳደርም። እንግዳ ቤት ስለገባ የቤቱ ልጅ አይሆንም። ቲጂ3 የተባለውን ድራይቨር፣ ማለትም ሊኑክስ የብሮድኮም ኩባንያን ኔትወርክ ካርድ የሚያዝበትን ፕሮግራም እንይ። በድራይቨሩ ኮድ መካከል ረጅም የቁጥር ሰንጠረዥ ተደርድሮ ነበር፤ ፈርምዌሩ ያ ነው። ከፋይሉ አናት ላይ ያለው ማስታወቂያ ቁጥሮቹ ካልታተመ የብሮድኮም ምንጭ ኮድ የተገኙ መሆናቸውን ይናገራል። ማስታወቂያው አብሮ እስካለ ድረስ በሄክሳዴሲማል (በ16 መደብ የቁጥር አጻጻፍ) ወይም በተመሳሳይ መልክ ማሰራጨትንም ይፈቅዳል። ስለ መለወጥ ግን አንድም ቃል የለም። ሊኑክስ የሚመራበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ደግሞ መለወጥን ይፈቅዳል፤ ፕሮግራሙን የሚያሰራጭ ሰው ምንጭ ኮዱንም እንዲሰጥ ያስገድዳል። የማይስማሙ ሁለት ፈቃዶች በአንድ ፋይል ውስጥ ለዓመታት አብረው ኖሩ።

«ቁጥሮቹ ራሳቸው ምንጭ ኮድ ናቸው»

ብልጠት ነው እንጂ መልስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሁለተኛው ጂፒኤል ምንጭ ኮድ የሚለው ሥራውን ለማሻሻል ተመራጭ የሆነውን መልክ ነው። የብሮድኮም መሐንዲሶች ስሕተት ሲያርሙ የቁጥር ሰንጠረዥ ላይ እንደማያፈጡ ማስታወቂያው ራሱ መስክሯል።

«አንድ ዝግ ፋይል ዲስኩን በሙሉ ይበክላል»

ጂፒኤል ራሱ የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ዲስክ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን አይከለክልም። የሚያከራክረው ፈርምዌሩ ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት ፕሮግራም) ጋር ተሰፍቶ አንድ ፕሮግራም ሲሆን ነው። የከርነሉ ገንቢዎችም ፈርምዌሩን ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ማኅደር አዛወሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 4.14 እትም የፈርምዌሩ ማኅደር ከከርነሉ ጨርሶ ወጣ።

«በነፃ ያወረድኩትን ለሌላም ማደል እችላለሁ»

ማውረድና ማደል ሁለት ፈቃድ ናቸው። የብሮድኮም የቆዩ ዋይፋይ ካርዶች ፈርምዌር እንዲሰራጭ ስላልተፈቀደ የሊኑክስ ሰዎች መቁረጫ ፕሮግራም ሠሩ፦ ተጠቃሚው የአምራቹን ድራይቨር ራሱ ያወርዳል፣ መቁረጫው ፈርምዌሩን ከውስጡ ይፈለቅቃል። አሠራሩ ጠማማ ነው፤ ግን የሌላውን ንብረት ያከፋፈለ የለም።

«ዴቢያን ዝግ ነገር በአጠገቡ አያስደርስም»

ዴቢያን አንዱ የሊኑክስ ስርጭት ነው፤ ስለ እሱ የሚባለው ይህ ግን ያረጀ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ዴቢያን 6 ዝግ ፈርምዌርን ከከርነሉ አውጥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ላፕቶፕ ላይ ዴቢያን የጫነ ሰው ጣጣውን አይረሳውም፦ ጫኚው የዋይፋዩን ፈርምዌር በፍላሽ ዲስክ አምጣ ይላል፤ ፋይሉ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ የሚገኘው በዋይፋዩ ነው። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው የማኅበራዊ ውላቸውን (ለተጠቃሚዎች የገቡትን የመርሕ ሰነድ) ቃል አሻሻሉ፤ ከ2023ቱ ዴቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ ከመደበኛው ጫኚ ጋር አብሮ ይመጣል። ዘግይቷል ባይ ነኝ።

«ፋይሉ ከተወገደ ኮምፒውተሩ ነፃ ወጣ»

ብዙ ካርዶች ፈርምዌራቸው ከፋብሪካ በቺፑ ውስጥ ተቀርጾ ይመጣል። የሊኑክስ አከፋፋይ ያንን ስለማይቀዳው የቅጂ መብት ጥያቄ አይነሣበትም፤ ማንም አይጨቃጨቅም። ተጠቃሚው ግን ያኛውንም አያነበው፣ አይለውጠው።