የካንሰር ታማሚ፣ የድባቴ ኪኒን እና የጠያቂ ምክር

ድሬ ላይ ሰው ሲታመም ጠያቂ አይጠፋም። ጠያቂ ደግሞ ብርቱካን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ምክርም ይዞ ነው። የካንሰር ታማሚ የድባቴ ኪኒን ታዘዘለት ሲባል የሚሰጠው ምክር ግን አብዛኛው ወሬ ነው።

«ካንሰር ይዞት አይከፋው እንዴ?»

ይከፋዋል እንጂ። ማልቀሱም መፍራቱም ያለ ነው። ድባቴ ግን ሌላ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ሲጨልምበት፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ሲያስጠላው፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» እያለ ራሱን ሲወቅስ ሐኪም ይየው። ድካምና ምግብ አለመፈለግ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ኬሞም (የካንሰር መድኃኒት ሕክምናው) ያመጣዋል። የልጅ ልጁ ሮጦ መጥቶ ሲጠመጠምበት ፊቱ የማይፈታ ከሆነ ግን ልብ በሉ። ቀለል ላለው ድባቴ ምክክር ብቻ ሊበቃ ይችላል። ጠና ሲል ነው መድኃኒቱ የሚመጣው።

«የእብድ መድኃኒት ነው፤ ሱስ ያስይዛል»

አያስይዝም። «አምጣ አምጣ» አያሰኝም። በድንገት ካቋረጡት ግን ማዞር፣ መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ስላለ በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። ደግሞ አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድባቴ ኪኒን የተጻፈለት ሁሉ ድባቴ አለበት ማለት አይደለም፤ ለነርቭ ሕመምም ይታዘዛል።

«ሳምንት ዋጥኩት፣ ምንም የለውም»

ገና ነው። ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ ቀድሞ ይመጣል። ጥቅሙ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉ ለሙሉ ለመታየት ደግሞ እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ መሀል ላይ ይጥለዋል።

«ኪኒን ያው ኪኒን ነው፤ የእህቴን ልዋጥ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት አለች እንበል። ታሞክሲፌን በደንብ እንዲሠራ ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ኢንዶክሲፌን ወደሚባለው ጠንካራ መልኩ ይቀይረዋል። ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን የሚባሉት የድባቴ ኪኒኖች ይህንኑ ኢንዛይም ያዳክማሉ። ስለዚህ ሐኪሞች ለእሷ እንደ ቬንላፋክሲን ያለውን ይመርጣሉ። ቬንላፋክሲን ድንገት ከውስጥ የሚነሳውን ሙቀትም ያስታግሳል፤ በድሬ ፀሐይ ላይ ያ ሲጨመር ቀላል ነገር አይደለም። ፍሉኦክሰቲን ጀምራ ከሆነም በገዛ እጇ አታቁም፤ ትጠይቅ።

እንደ ሰርትራሊን ያሉት የድባቴ ኪኒኖች ደግሞ የመድማት ዕድልን ትንሽ ይጨምራሉ። ኬሞ ፕላትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የደም ሕዋስ) ባወረደበት ሰሞን ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት። የካንሰር ክትትሉ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ የድባቴው ድሬ ከሆነ ሁለቱ ሐኪሞች ላይነጋገሩ ይችላሉ። የመድኃኒቱን ፓኬት ሁሉ በፌስታል ይዞ መሄድ ነው፤ ስሙን በቃል ለማስታወስ መሞከር አያዋጣም።

«አቦ፣ ትንሽ ቢቅም ይለቀዋል»

ከሰዓት ምርቃናው ያነሳዋል፣ አይካድም። ማታ ግን እንቅልፍ የለም፣ እራት አይበላም፣ በነጋታው ደግሞ ጭፍግግ ማለት ነው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው የቸገረው እኮ እንቅልፍና ምግብ ነው! ጫት የልብ ምትና የደም ግፊትንም ይጨምራል፤ ቬንላፋክሲንም ግፊት ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ሲጠይቅ «አልቅምም» ብሎ መዋሸት ራስን መጉዳት ነው። ምን ያህል እንደሚቃም በግልጽ ይነገረው።

«ጸበል ከጀመረ ኪኒኑን ይተው»

ቁሉቢ መሄድም ዱዓ ማስደረግም ኪኒን አያስጥልም። በረመዳንና በጾም ሰዓቱ ይስተካከላል፤ ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

«ስለ ሞት ከጠየቅነው እናሳስበዋለን»

አይደለም። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። «ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ይቻላል። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተው፣ ኪኒኖቹን ሌላ ሰው ይያዝ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ። በተለይ ከ25 ዓመት በታች ያሉትን መድኃኒቱን በጀመሩበት ሰሞን ቤተሰብ በቅርብ ይከታተላቸው።