እርሾው ከየት መጣ?

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ስለ እርሾ በተነሣ ቁጥር «የኃጢአት ምሳሌ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ግን ሙሉ አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ 13፥33 መንግሥተ ሰማያትን በእርሾ መስሏታል፤ በዘሌዋውያን 23፥17ም የበኵራቱ ሁለት እንጀራ በእርሾ እንዲጋገር ታዝዟል። ስለዚህ ቃሉን ስናገኝ አስቀድመን እርሾው ከየት እንደመጣ እንጠይቅ።

በቤታችን እርሾ የምንለው ካለፈው ቡኮ ላይ ተቀድቶ ለሚቀጥለው የሚቀመጠውን ቢጫማ ውሃ ነው። ለ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት አንድ ሁለት ሲኒ ይበቃል። ሊጡ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል፤ በደጋ ብርድ ከዚያም ያልፋል። እርሾው ሲበዛ ይኮመጥጣል፤ ቸኩለን ከጋገርነው አፍለኛ ይሆናል። ዛሬ በምንቆርሰው እንጀራ ውስጥ የትናንቱም የከትናንት ወዲያውም ቡኮ አለ።

በምሳሌው ያለችው ሴት እርሾውን የሸሸገችው በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ነው፤ ወደ 40 ሊትር የሚጠጋ፣ አብርሃም ለእንግዶቹ ሣራን ያስጋገራት ያህል (ዘፍ 18፥6)። ከሸሸገችው በኋላ ሥራው የእርሾው ነው፤ «ሁሉ እስኪቦካ ድረስ» ይላል። ቃሉን ሰምታችሁ በማግሥቱ ለውጥ ያላያችሁ፣ አትዘኑ፤ ሊጥም በመጀመሪያው ቀን ዝም ነው።

ሐዋርያው «አሮጌውን እርሾ አስወግዱ» ሲል ግን (1ቆሮ 5፥7) የሚናገረው ለማኅበሩ ነው። የአባቱን ሚስት ያገባውን ሰው ታግሠው ይታበዩ ነበርና። ይህን ጥቅስ ለግል ኃጢአት ብቻ ማዋል ያሳንሰዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። እርሾውን ደፍተን ቡሃቃውን ካላጠብን፣ በግድግዳው የደረቀው ሊጥ ብቻውን አዲሱን ያቦካዋል፤ አንዳንድ እናቶች ሆን ብለው ሳያጥቡት የሚተዉት ለዚህ ነው። ዘጸአት 12፥19 እርሾ ሰባት ቀን በቤታችሁ አይገኝ ያለው ይህን ይዘጋል፤ ሰንሰለቱ ይቋረጣል። የእኛዎቹ ቤተ እስራኤል ለፋሲካ አሮጌውን ሸክላ ሰብረው በአዲስ የመተካት ልማድ ነበራቸው፤ ሸክላ የጠጣውን በመታጠብ አይለቅምና።

ንስሐ የገባ ሰውም እንዲሁ ነው። ሐሜትን ተናዝዞ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የቡና ወሬ ከተቀመጠ እርሾውን ደፍቷል፣ ቡሃቃውን ግን አላጠበም። ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለመጋቢያችሁ ስትናገሩ ኃጢአቱን ብቻ አትንገሩ፤ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር እንደሚቦካም ንገሩ። ከዚያ የሚታጠበውንና የሚሰበረውን አብራችሁ ለዩ።