የግቢ ወይን፦ ዳሱን ሞልቶ ፍሬ የሚነፍገው ሐረግ

አዲስ አበባ ውስጥ ወይን ያለበት ግቢ ሞልቷል። ዘለላ የሚታይበት ግን ጥቂት ነው። ሐረጉ በረንዳውን ያለብሳል፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ይወጣል፣ ጥላው ሥር ቡና ይፈላል፤ ፍሬውስ ሲባል የለም። ብዙ ሰው በአፈሩ ወይም በብርዱ ያመካኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ማንም አልቆረጠውም።

ወይን የሚያፈራው ዘንድሮ በወጣ ለጋ ቀንበጥ ላይ ነው፤ ያ ቀንበጥ ደግሞ አምና ካደገ ቅርንጫፍ ሲወጣ ነው ደህና ፍሬ የሚይዘው። አሮጌው ግንድ ተሸካሚ ብቻ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ አምና ካደገው ውስጥ ከ10 እጅ 8 ወይም 9 እጁ ተቆርጦ ይጣላል። አዎ፣ ያሳሳል። እኔም 3 ዓመት ሙሉ ሳስቼ ጫፍ ጫፉን ብቻ ስቀነጥስ ከርሜ ያተረፍኩት ቅጠል ነው። (ቅጠሉም አይናቅም፣ ሩዝና ሥጋ ተጠቅልሎበት ዶልማ ይሆናል።)

መትከሉ ቀላል ነው። እርሳስ የሚያህል ውፍረትና 4 ዓይን (ቀንበጥ የሚወጣበት እብጠት) ያለው የሐረግ ቁራጭ ተወስዶ 2ቱ ዓይን አፈር ውስጥ ይገባል፣ ሥር ያወጣል። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ አንድ ጠንካራ ቀንበጥ ብቻ ተመርጦ ችካል ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ይነሳል። ከላይ አግድም የተወጠረው ሽቦ ጋ ሲደርስ ጫፉ ይቀነጠስና ግራና ቀኝ ሁለት ክንድ ያወጣል። ክንዶቹን አግድም ማሰር ነው ዋናው ቁም ነገር፤ ሽቅብ ከቆሙ ጫፍ ላይ ያለው ዓይን ብቻ ይነቃና የታችኞቹ ተኝተው ይቀራሉ፣ ሲጋደሙ ግን አብዛኞቹ ይነቃሉ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ክንዱ ላይ በስንዝር ርቀት 2 ዓይን ብቻ የያዙ አጫጭር ጉቶዎች እየተተዉ ቀሪው ይቆረጣል። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ዓመት ዘለላ ይታያል።

መቼ ይቆረጥ? አውሮፓ ውስጥ በረዶው ቅጠሉን አራግፎ ያስተኛዋል፣ ገበሬው ያኔ ይቆርጣል። እኛ ጋ እንዲህ የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ ተክሉን አዲስ ዙር የሚያስጀምረው መቀሱ ነው። ከቆረጡት በኋላ ፍሬው እስኪበስል እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል። ዝናብ ላይ የበሰለ ዘለላ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል፤ ስለዚህ እኔ የምመርጠው ዝናቡ ሲወጣ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፣ ያኔ በበጋው ይበስላል። የፈረንሳዩ የወይን ጠጅ ኩባንያ ካስቴል እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ያወጣበት የዝዋይ እርሻ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ፣ ሞቃትና አሸዋማ ቦታ ላይ ነው፤ የከተማው ሰው ግን ዝናቡን መሸሽ አለበት።

የተቆረጠው ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ ውሃ ሲያነባ አይደንግጡ፣ በራሱ ያቆማል። መደንገጥ ያለብዎት ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ሲያዩ ነው። ዘለላውን የጋረዱትን ቅጠሎች አንሳስተው አየር ያስገቡለት፣ ድኝም ይነሰነስበታል።

ወፎች ሳይቀድሙ መረብ ያልብሱት። ደግሞ ወይን እንደ ሙዝ ተቆርጦ ቤት ውስጥ አይበስልም። ከመቁረጥዎ በፊት ከዘለላው ጫፍ፣ ከታች ያለችውን አንድ ፍሬ ይቅመሱ፤ መጨረሻ የምትጣፍጠው እሷ ናት።