ሐረር ሜዳ፦ ከሳብ እስከ ድሮን

ሐረር ሜዳ በቢሾፍቱ ከተማ የሚገኝ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና ሰፈር ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ቃሊቲን፣ አቃቂንና ዱከምን አልፎ ይገኛል። የከተማው ሰው «አየር ኃይል» ብሎ ነው የሚጠራው። አሁን አሁን ስሙ ሲነሳ ድሮን አብሮ ይነሳል።

ድሮኑ ግን ባዶ ሜዳ ላይ አላረፈም። እ.ኤ.አ. በ1946 ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን አየር ኃይሉን እንደገና ለማደራጀት መጣ። መጀመሪያ የስዊድን ሳብ አውሮፕላኖች ነበሩ። ቀጥሎ የአሜሪካ ኤፍ-86 እና ኤፍ-5 የጦር ጄቶች መጡ። እ.ኤ.አ. ከ1977 በኋላ ደግሞ የሶቪየት ሚግ የጦር ጄቶች ተተኩ። እስቲ የዚያን ዘመን መካኒክ አስቡት። በኢንች ቁልፍ እጁን ያፍታታ ሰው በአንዴ ወደ ሚሊሜትር ዞረ። ማኑዋሉም ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ ተቀየረ። እንደኔ የግቢው ትልቁ ሀብት ይህ ፈታትቶ የመግጠም እውቀት ነው። የከባድ ጥገናው ቤት ደጀን አቪዬሽን የበቀለው ከዚሁ ነው። ከግቢው የወጡ አብራሪዎችና ቴክኒሻኖችም ሲቪል አቪዬሽኑን አገልግለዋል።

ቦታው ራሱ ለድሮን ጥሩ ፈተና ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ቢልም አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ላይ ፕሮፔለር ብዙ የሚገፋው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ትንሿ ባለአራት ሞተር ድሮን ያንኑ ክብደት ለማንሳት በፍጥነት መሽከርከር አለባት፤ ባትሪዋም ቶሎ ያልቃል። ካታሎግ ላይ የተጻፈው ደቂቃ እዚህ አይሠራም። በበጋ ጨለለቃ ሐይቅ ላይ የሚሰፍሩት ወፎችም ለሚበር ነገር ሁሉ ስጋት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የተነሱ የሳተላይት ምስሎች የቱርኩን ባይራክታር ቲቢ2 እና የቻይናውን ዊንግ ሉንግ የጦር ድሮኖች ሐረር ሜዳ ላይ አሳይተዋል። በጥር 2024 ደግሞ ትልቁ የቱርክ ድሮን አኪንጂ በቢሾፍቱ ለዕይታ ቀረበ። በመጋቢት 2025 የተመረቀው ስካይዊን ኤሮኖቲክስ ኢንዱስትሪስ ለሲቪልም ለወታደራዊም አገልግሎት ድሮን እንዲያመርት የተቋቋመ ነው። ካርታ ማንሳት፣ ማሳ መርጨት፣ መድኃኒት ማድረስ ይቻላል። በዚያው ልክ በጥር 2022 ትግራይ ውስጥ በደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በተፈጸመ የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ስለ ድሮን ምርምር የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ ይህን መዝለል የለበትም።

አሁን ደግሞ ሰማዩ ሊጨናነቅ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። መንገደኛ የጫነ ጄት፣ የጦር አውሮፕላንና ሙከራ ላይ ያለ ድሮን ጎን ለጎን ሊበሩ ነው። ስለዚህ የድሮኖቹ የበረራ ከፍታ፣ ሰዓትና ክልል ተለይቶ መታወቅ አለበት፤ የሲቪሉና የወታደራዊው ወገን የበረራ ተቆጣጣሪዎችም ቀጥታ የሚነጋገሩበት መስመር ያስፈልጋቸዋል።