የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች የዘር ሐረግ ጥናት በኒው ኢንግላንድ

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው አካባቢ ከ1620 እስከ 1640 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሰፈሩትን እንግሊዛውያን የዘር ሐረግ ማጥናት፣ ዋና ሥራው ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣውን ሰው ክርስትና ከተነሣበት የእንግሊዝ አጥቢያ ጋር በጽሑፍ ማስረጃ ማገናኘት ነው። በእነዚያ ዓመታት የተሻገሩት 20,000 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። ብዙዎቹ ከነቤተሰባቸው፣ አንዳንዶቹም ከጎረቤቶቻቸውና ከሰባኪያቸው ጋር ስለመጡ፣ የአንዱን ቤተሰብ መነሻ ያገኘ ተመራማሪ የሌሎቹንም በዚያው አውራጃ መፈለጉ የተለመደ ዘዴ ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1607 የተመሠረተችው የቨርጂኒያዋ ጄምስታውንም ብዙ እንግሊዛውያንን የተቀበለች ብትሆንም፣ በ1865 በሪችመንድ ከተማ በተነሣው ቃጠሎ የበርካታ አውራጃዎች መዛግብት በመጥፋታቸው የዚያ ወገን ጥናት ሁልጊዜም ይከብዳል።

በእንግሊዝ በኩል መሠረቱ የአጥቢያ መዝገብ ነው። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1538 ባወጣው ትእዛዝ እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን መመዝገብ ጀመረ፤ ከ1598 ወዲህ ደግሞ የመዝገቡ ግልባጭ በየዓመቱ ወደ ጳጳሱ እንዲላክ ስለተደነገገ፣ ዋናው በጠፋበት ቦታ ግልባጩ የተረፈበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ከመዝገቡ ቀጥሎ የሚታየው ኑዛዜ ነው። በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተቀመጡት፣ በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት የጸደቁ ኑዛዜዎች «በኒው ኢንግላንድ ለሚኖረው ልጄ» የሚል ዐይነት ሐረግ ሲይዙ ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ጥምቀት አንድ ስም ብቻ ሲሰጥ ኑዛዜ ግን ወንድሙን፣ እኅቱንና አማቹን ሁሉ በአንድ ገጽ ይሰበስባልና። የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ግን ጀማሪዎች እንደሚገምቱት በብዛት አልተረፈም።

በሰፈራው በኩል የከተማ መዝገብ፣ የቤተ ክርስቲያን አባላት ስም ዝርዝር፣ የመሬት ድልድል፣ የፍርድ ቤት ጉዳዮችና የውርስ ሰነዶች አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ምናልባት የዊልያም ብራድፎርድ የእጅ ጽሑፍ ነው። የፕሊመዝ ሰፈራ ገዢ የነበረው ብራድፎርድ በ1620 በሜይፍላወር መርከብ የመጡትን፣ ግማሽ ያህላቸው በመጀመሪያው ክረምት ያለቁትን 102 መንገደኞች በየቤተሰባቸው ዘርዝሮ፣ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ የደረሰበትን ጽፏል። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ አብዮት ዘመን ከቦስተን ጠፍቶ፣ በ1855 በለንደን ጳጳስ መኖሪያ በፉልሃም ቤተ መጻሕፍት መኖሩ ታወቀ፤ በማግሥቱ ዓመት ታተመ፤ በ1897ም ወደ ማሳቹሴትስ ተመለሰ። እንዴት ባሕር እንደተሻገረ የሚሰጠው ማብራሪያ የተለያየ ነው።

ተመራማሪን ከሚያስቱ ነገሮች ዋነኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ አዲስ ዓመቱ መስከረም ላይ ለሚብተው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ ዓመት በሕግ የሚጀምረው ማርች 25 ስለነበር፣ ጃንዋሪ ላይ የተወለደ ልጅ በመዝገቡ የሚገኘው በዛሬው የአውሮፓውያን ስሌት ባለፈው ዓመት ነው፤ በዚህ ምክንያት ዓመቱ በጥንድ ይጻፋል። የሜይፍላወሩ ተሳፋሪ የስቲቨን ሆፕኪንስ ልጅ ጃይልስ የተጠመቀበት ቀን «ጃንዋሪ 30፣ 1607/8» ተብሎ የሚሰፈረው ለዚህ ነው። የዝምድና ቃላትም እንደዛሬው አይደሉም፤ «ሲኒየር» እና «ጁኒየር» አባትና ልጅ ሳይሆኑ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ታላቅና ታናሽ ሞክሼዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ «አባቴ» የተባለውም አማት ሆኖ ይገኛል።

ጥናቱን ከቤተሰብ አፈ ታሪክ አውጥቶ የምርምር መልክ የሰጠው በ1845 በቦስተን የተቋቋመው የኒው ኢንግላንድ የታሪክና የዘር ሐረግ ማኅበር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማኅበሩ ከ1847 ጀምሮ የሚያሳትመው መጽሔት እስከ ዛሬ ዘልቋል። ጄምስ ሳቬጅ ከ1860 እስከ 1862 በአራት ጥራዝ ያወጣው የቀደምት ሰፋሪዎች መዝገበ ቃላት፣ ስሕተቶቹ በየጊዜው ቢታረሙም፣ ብቻውን በሠራ ሰው ድካም መለካት አለበት። በ1988 ደግሞ ሮበርት ቻርልስ አንደርሰን በማኅበሩ ውስጥ «ታላቁ ፍልሰት» የሚባለውን፣ የእነዚህን ሰፋሪዎች መምጣት የሚመረምር ጥናት ጀመረ፤ እስከ 1633 የመጡትን የሚሸፍኑት ሦስት ጥራዞች በ1995 ታተሙ። ለእያንዳንዱ ሰፋሪ መነሻው፣ የመጣበት ዓመት፣ የያዘው መሬትና የልጆቹ ስም ከነማስረጃው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ማስረጃ የሌለው የቆየ አባባልም በግልጽ ይነቀፋል።

ነቀፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በስዊድን የተወለደው ጉስታቭ አንዡ (በ1942 የሞተ) ለባለጸጎች በክፍያ የሐሰት የዘር ሐረግ ሲሠራ ኖሯል፤ የፈጠራቸው ትውልዶችም እስከ ዛሬ ከአንዱ የዘር ዛፍ ወደ ሌላው ይገለበጣሉ። «ሦስት ወንድማማቾች አብረው መጡ» የሚለው የቤተሰብ ትረካም በአብዛኛው ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ባዕዳን ለማዛመድ የተፈጠረ ነው። ስሕተቱ ሁልጊዜ ግን ከተንኮል አይመነጭም። የሆፕኪንስ መነሻ ለረጅም ጊዜ በግሎስተርሻየር ግዛት ነው ሲባል ኖሮ፣ በ1998 የልጆቹ ጥምቀት በሃምፕሻየር ግዛት በኸርስሊ አጥቢያ መዝገብ መገኘቱ ታወቀ። በ1609 ቤርሙዳ ላይ በተሰበረችው መርከብ የነበረው ሆፕኪንስም እርሱ ራሱ እንደሆነ አብዛኞቹ ይቀበላሉ።

የዘረ መል ምርመራ በቅርብ ጊዜ ተጨምሯል፤ የወንድ መሥመርን በመከተል ሁለት ሞክሼ ቤተሰቦች አንድ አለመሆናቸውን ሊያሳይ ይችላል፣ የአያትን ስም ግን አይናገርም። የሴቶቹ ነገር ከሁሉም የባሰ ነው። እንግሊዛዊት በጋብቻ የባሏን የቤተሰብ ስም ስለምትወስድ፣ የአባቷ ኑዛዜ ካልተገኘ የትውልድ ቤቷ አይታወቅም፤ በታተሙት ጥራዞችም በብዙ ሰፋሪዎች ሚስቶች ስም አጠገብ፣ የአባት ቤት ስም ሊገባበት በሚገባው ቦታ፣ ባዶ ሰረዝ ተሠምሮ ይታያል።