የፊት ጎማ ማንሣትና ማውረድ፦ ስለ ሞተር ሳይክል ትርኢት በጎንደር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ አንድ ሞተረኛ የፊት ጎማውን አንሥቶ ሲያልፍ ከተመልካቹ ገሚሱ «ጎበዝ»፣ ገሚሱ «እብድ» ይለዋል። ሁለቱም የሚፈርዱት ጎማው ሲነሣ አይተው ነው፤ የሙያው ትልቁ ክፍል ግን ያነሡትን በፈለጉበት ቅጽበትና ቦታ ማውረድ ነው። ከዚህ በታች የሚታረሙት አመለካከቶችም አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የመነጩ ናቸው።

«ትርኢት በፍጥነት ነው» የሚለው ቀዳሚው ስሕተት ነው። በፍጥነት የሚሄድ ሞተር ሳይክል በራሱ ቀጥ ብሎ መሄድ ይቀናዋል፤ ሲዘገይ ግን ሚዛኑን የመጠበቁ ሥራ ሙሉ በሙሉ በነጂው ላይ ይወድቃል። በ2022 እ.ኤ.አ. ያረፈው ታዋቂው ጀርመናዊ ባለሙያ ክሪስ ፋይፈር ወደዚህ ሙያ የመጣው ከትራያል ሲሆን፣ ይህም ነጂው እግሩን መሬት ሳያስነካ ዐለትና ግንድ በእርምጃ ያህል ፍጥነት የሚሻገርበት ውድድር ነው። ባለ 600 ሲሲ ሞተር ሳይክል የሚነዱ ባለሙያዎችም ከ40 ጥቂት የሚበልጥ ጥርስ ያለውን፣ ካቴናው የሚጠመጠምበትን የኋላውን ክብ ብረት አውልቀው 60 ገደማ ጥርስ ባለው የሚተኩት፣ ሞተሩ ሳይንተፋተፍ ቀስ ብሎ እንዲሄድላቸው ነው። ስለዚህ ጀማሪ አስቀድሞ ሊለምደው የሚገባው ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ ረግጦ በጠባብ ቦታ ስምንት ቁጥር መዞርን ነው። በጥምቀት ሰሞን ጉግስ ያየ ጎንደሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በእኔ ዐይን ፈረሰኛው የሚለየው ልጓሙን ስቦ በሚያቆምበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው አመለካከት ጎማው የሚነሣው መሪውን ወደ ላይ በመሳብ፣ የሚወርደውም ነዳጁን በመዝጋት ነው ይላል። ክንድ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ጎማውን የሚያነሣው ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ወደ ኋላ ጎማ በድንገት የሚደርሰው ጉልበት ነው። ከተነሣ በኋላ የነጂውና የሞተር ሳይክሉ ክብደት በኋላ ጎማው መቆሚያ ልክ አናት ላይ የሚያርፍበት ነጥብ አለ። ከዚህ ነጥብ በፊት ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ስለሚወድቅ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ካለፈው ደግሞ ወደ ኋላ ስለሚገለበጥ የሚያድነው የኋላ ፍሬን ነው፤ ጎማው ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የፊቱ ይወርዳል። በዚህም ምክንያት የቀኝ እግር ከፍሬኑ ላይ ፈጽሞ አይነሣም። ነዳጁን በድንገት የሚዘጋ ሰው ግን ጎማውን መሬት ላይ ስለሚጥለው አሞርዛተሩንና የመሪውን ኩሽኔታ ይጎዳል።

ስለ ፊት ፍሬንም ብዙ ይባላል። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» ተብሎ በኋላው ብቻ የሚያቆም ሞተረኛ ጥቂት አይደለም። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን አብዛኛው የማቆም ኃይል ከፊት ነው፤ ምክንያቱም ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚዞር የፊት ጎማው መሬቱን ይበልጥ ይቆነጥጣል። ችግሩ ክብደቱ ሳይዞር በድንገት ሲጨበጥ ነው፤ ያን ጊዜ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል። በሁለት ጣት ቀስ በቀስ የሚጫን ሰው፣ የኋላው ጎማ እንኳ ቢነሣ፣ ጥቂት ሲለቅ ጎማው ተመልሶ ያርፍለታል። በክረምት በረጠበ ኮብልስቶን ላይ ወይም መሪው በዞረበት ይህ አይሞከርም።

«ቪዲዮው ላይ በነዳጅ ብቻ ያነሣዋል፤ የእኔ ትንሽ ስለሆነች አትችልም» የሚሉም አሉ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ በመሳሳቱ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ ይበዛበታል። ስለዚህ በነዳጅ ብቻ መነሣት ቢያቅታትም፣ ባለ 150 ሲሲዋም ቢሆን በአንደኛ ማርሽ በፍሪሲዮን ትነሣለች።

«በዝግታ ከሆነ ሄልሜት አያስፈልግም» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ጭንቅላት ከተቀመጠበት ከፍታ ወደ አስፋልት ሲወርድ ሞተር ሳይክሉ ቆሞም ቢሆን ምቱ ያው ነው። ወደ ኋላ የሚገለበጥ ሰው የሚወድቀው በጀርባው ስለሆነ የጀርባ መከላከያም ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ በማለዳ ባዶ የሆነ አውራ ጎዳና የልምምድ ሜዳ አይደለም። ባጃጅ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጎማው በቀላሉ ስለሚነሣ ተለማማጁ የሚዛኑን ነጥብ የያዘ ይመስለውና ሜዳ ላይ ሲደርስ ያጣዋል። የሚያስፈልገው በባለቤቱ ፈቃድ የተዘጋ፣ ጠጠር የሌለበት ደልዳላ ቦታ ሲሆን፣ ጎማው ከወረደ በኋላም ለመቆም የሚበቃ ርቀት ሊተርፈው ይገባል።