«እስከ ሐዋሳ ቁልቁል ነው» እና ሌሎች የብስክሌት ተጓዦች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ባለፈ ቁጥር ስልኬ መጮኽ ይጀምራል፤ የሚደውሉልኝ ሰዎች ቢለያዩም የሚሉኝ ነገር ግን አንድ ነው። «ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ በብስክሌት ለመሄድ አስበናል፤ መቼም መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ አይከብድም» ይሉኛል። ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ትንንሽ ቡድኖችን እየመራሁ በዓለም ገና፣ በመልካ ቁንጡሬ፣ በጢያ፣ በቡታጅራ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ በኩል ሐዋሳ ስገባ ቆይቻለሁ። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መንገድ ኮረብታውን፣ ሐይቆቹንና ጥንታዊ ቅርሶቹን በአንድ ጉዞ የሚያሳይ በመሆኑ እወደዋለሁ፤ ሰዎችም ተደስተውበት እንዲመለሱ እፈልጋለሁ። ስለዚህም ያን አባባል በሰማሁ ቁጥር እበሳጫለሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎችን መንገድ ላይ ያስቀራቸው እርሱ ነው።

«መንገዱ ቁልቁል ነው»

ስሕተቱ የሚመነጨው መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ከማወዳደር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ይህን የሰማ ሰው በመካከሉ ያለው መንገድ እንደ ቤት ክዳን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ይመስለዋል። እውነታው ግን መንገዱ ከዓለም ገና ተነሥቶ ወደ አዋሽ ወንዝ ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ወደ ሶዶ ምድር መልሶ ይወጣል፤ ከቡታጅራ ወዲያ ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ወርዶ ዝዋይ ላይ 1,640 ሜትር፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር 1,600 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ላንጋኖ ከሐዋሳ ይልቅ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይዞ አርሲ ነገሌ ላይ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ በሻሸመኔ በኩል አልፎ ወደ ሐዋሳ የሚወርደው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ተጓዡ ጉልበቱ በደከመበት በሦስተኛው ቀን፣ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ፣ 400 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ይጠብቀዋል።

ይህ ምን ያህል እንደሚያደክም ለማወቅ ሒሳቡን መሥራት ይቻላል። ሰውየው 70 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 15 ኪሎ፣ ጓዙም 15 ኪሎ ቢመዝን፣ ይህን 100 ኪሎ ግራም 400 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ ሰውነት ከ370 ኪሎ ካሎሪ በላይ ያቃጥላል፤ የነፋሱና የጎማው ግጭት የሚወስደው በዚህ ላይ የሚጨመር ነው። «ሽቅቡ ላይ ያጠፋሁትን ጊዜ ቁልቁሉ ላይ አካክሰዋለሁ» የሚለውም ሐሳብ አያዋጣም። 10 ኪሎ ሜትር ሽቅብ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብንነዳ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የሚቀጥለውን 10 ኪሎ ሜትር ቁልቁል በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብንበር 20 ደቂቃ ይፈጃል። አማካይ ፍጥነታችን ብዙዎች እንደሚገምቱት 20 ሳይሆን 15 ብቻ ነው። ቀኑን በቁልቁለት ፍጥነት ያቀደ ሰው እንግዲህ ሳይደርስ ይመሽበታል።

ከአምስት ዓመት በፊት አብሮን የተጓዘ አንድ ወጣት ነበር፤ ሰውነቱ የጠነከረ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁላችንንም ጥሎን ይሄድ የነበረ ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን ላንጋኖ ዳር ዋኝቶ፣ ቁርሱን አርፍዶ በልቶ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ብቻ ይዞ ብቻውን ወጣ። እኔ አትቸኩል ብለውም «ከዚህ በኋላማ ሐዋሳ ነው» ብሎኝ ሄደ። አርሲ ነገሌ ከመድረሳችን በፊት ከመንገዱ ዳር ካለች ግራር ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ላቡ ደርቆ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ነጭ የጨው መስመር ሠርቷል፤ አፉ ውስጥ የያዘውን ዳቦ መዋጥ አቅቶታል፤ የሰጠሁትንም ጠርሙስ ሲቀበለኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጬ ጥቂት በጥቂት እያጠጣሁት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆየን። ደኅና ሆኖ ተነሣ፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት እንዲወጣ መፍቀዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከላንጋኖ የምንነሣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ ሳይዝ ከግቢ አይወጣም። በዚህ አነሣሥ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከቀትር በኋላ በሸለቆው ወለል ላይ የሚነሣው ነፋስም ሳይመጣ፣ አራት ሰዓት ገደማ አርሲ ነገሌ ገብቶ ሻይ መጠጣት ይቻላል።

ቁልቁለቱ ራሱም ዕረፍት አይደለም። ጓዝ የጫነ ብስክሌት ሲወርድ ቶሎ አይቆምም፤ በየከተማው መግቢያ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፤ ከጥምዝምዙ ወዲያ የጋሪ አህያ ወይም አስፋልቱን የሚያቋርጥ የከብት መንጋ ሊኖር ይችላል። ነፋሱ ላብን ወዲያው ስለሚያደርቀው ሰው የተጠማ አይመስለውም፤ ስለዚህ ቁልቁል በሚወረድበት ቀን በየሃያ ደቂቃው መጠጣት ያስፈልጋል። ፍሬንን ደግሞ ያለማቋረጥ ጨብጦ ከመውረድ ይልቅ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፣ የፊቱንም የኋላውንም እያገናዘቡ መያዝ ይሻላል፤ የጋለ ቸርኬ የውስጥ ጎማን ሊያፈነዳ ይችላልና።

«ውድ ብስክሌት ከሌለህ አትነሣ»

ይህም ብዙ ሰው ቤቱ ያስቀረ ነገር ነው። በዚህ መንገድ ላይ ዋናው ነገር የብስክሌቱ ዋጋ ወይም ቅለት ሳይሆን፣ ሽቅብ ለመውጣት የሚበቃ ቀላል ማርሽ ያለው መሆኑና ጎማው 40 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መሆኑ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የማስጠነቅቀው ግን የውስጥ ጎማው የንፋስ መሙያ አፍ ጉዳይ ነው። በየከተማው ያለ ጎሚስታ ንፋስ የሚሞላው ለመኪናና ለሞተር ሳይክል ጎማ ስለሆነ፣ የውድ ብስክሌቶች ቀጭን አፍ በመሣሪያው ላይ አይገጥምም፤ አንድ ደንበኛዬ በውድ ገንዘብ የገዛውን ብስክሌት ቡታጅራ ላይ ሦስት ሰዓት ያቆመበት ይህ ነው። እንደ መኪና ጎማ ያለ ወፍራም አፍ ያላቸውን ሁለት የውስጥ ጎማዎች መለዋወጫ አድርጎ የያዘ ሰው፣ በርካሽ ብስክሌትም ቢሆን፣ በሰላም ይደርሳል። ወፍራሙ አፍ በቸርኬው ቀዳዳ ማለፉን ግን ቤት ሳሉ ማረጋገጥ ይገባል።

«ጎማ በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል» የሚባለውም በለሰለሰ አስፋልት ላይ እንጂ እዚህ አይሠራም፤ ሻካራ መንገድ ላይ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ እየነጠረ ጉልበት ይጨርሳል።

«የጢያ ድንጋዮች የግራኝ ናቸው»

ከአዲስ አበባ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስንደርስ የሚጠብቁን የጢያ ትክል ድንጋዮች በአካባቢው «የግራኝ ድንጋይ» ይባላሉ፤ ብዙ ተጓዥም ይህንኑ ሰምቶ ይመለሳል። ግራኝ አሕመድ የተዋጋው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ የአርኪዮሎጂ ጥናት ድንጋዮቹን የሚያስቀምጣቸው ከዚያ መቶ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ12ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በሰፈረው በዚህ ሥፍራ 36 ሐውልቶች ሲኖሩ፣ 32ቱ የሰይፍና ሌሎች ምልክቶች የተቀረጹባቸው ናቸው፤ ከድንጋዮቹ ሥር ያለው ደግሞ የመቃብር ሥፍራ መሆኑ በቁፋሮ ታውቋል። የአብዛኞቹ ምልክቶች ትርጉም ገና አልተፈታም፤ ስለዚህ «ይህ ማለት ይህ ነው» ብሎ ሁሉንም የሚፈታላችሁን ሰው በጥንቃቄ አዳምጡ። ከዚያ ቀደም ብሎ በመንገዱ ላይ የሚገኘው መልካ ቁንጡሬም ችላ ሊባል አይገባም፤ የጥንት የሰው ልጅ የድንጋይ መሣሪያዎች የወጡበት ይህ ሥፍራ በአቅራቢያው ካለው ከባልጪት ሥፍራ ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኗል። እዚያው ባለው የአዋሽ ድልድይ ላይ ፎቶ አንሥተው የሚያልፉ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ሁለት ሰዓት ብቻ ቢሰጡት የጉዞውን ግማሽ ትርጉም ያገኙበት ነበር።

«ሐይቅ ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ዝዋይና ሐዋሳ ጨው አልባ ሐይቆች ሲሆኑ፣ አብያታና ሻላ ሶዳ የበዛባቸው ናቸው፤ ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው፣ ጎረቤቱ አብያታ ጥልቀት የሌለውና ውሃው እየሸሸ ያለ ነው። ለብስክሌት ተጓዥ ይህ የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የሶዳ ውሃ በጨርቅ ማጥለያም በማፍላትም የሚጠጣ አይሆንም። ጨው አልባ በሆኑት ሐይቆች ዳርም ቢልሐርዝያ የሚባለው በውሃ የሚተላለፍ ጥገኛ ትል ሊኖር ስለሚችል ሣርና ቄጠማ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ እግርን ነክሮ መቀመጥ አይመከርም፤ ጉማሬ ባለበት ዳርቻ ደግሞ ከመሸ በኋላ ድንኳን አይተከልም። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑን ሰምተው የሚፈሩ አሉ፤ እርሱ ለዓመታት ሲጠጣ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳ እንጂ ለአራት ቀን ተጓዥ የሚያሰጋ አይደለም። ለተጓዥ የሚያሰጋው ጀርም ነው፤ ስለዚህ የታሸገ ወይም የፈላ ውሃ ይጠጣ።

«ልጆቹ ድንጋይ ይወረውራሉ»

ይህን የሚያወሩት አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆሙና ሰላም ሳይሉ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው። አልፎ አልፎ እንደሚያጋጥም አልክድም፤ እኔም ላይ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ነገር ግን መንደር ሲቃረብ ፍጥነት ቀንሶ፣ ከልጆቹ አስቀድሞ መንገድ ዳር ለተቀመጡት አባቶችና እናቶች «እንዴት አደራችሁ» ወይም በኦሮሚኛ «አከም ቡልተን» ብሎ ሰላምታ የሰጠ ሰው፣ ልጆቹን የሚቆጣለት ሽማግሌ አያጣም። ከረሜላና ብር እየበተኑ ማለፍ ግን ከኋላ ለሚመጣው ተጓዥ ችግር መትከል ስለሆነ፣ በእኔ ቡድን ውስጥ የተከለከለ ነው። የጸጥታ ሁኔታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ደግሞ፣ በየማለዳው ከመነሣታችሁ በፊት ያደራችሁበትን ሰውና የከተማውን የመኪና ሾፌሮች ስለፊታችሁ መንገድ ጠይቁ።

«በፈጣኑ መንገድ እናቋርጥ» ለሚሉኝ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ በፈጣን መንገዶቹ ላይ ብስክሌት መንዳት አይፈቀድም።

«ብስክሌት የእኛ አይደለም»

ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል፤ ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሐዋሳ ስትገቡም ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዳቦ የሚያከፋፍለው ልጅ ሁሉ በብስክሌት ሲሄድ ታያላችሁ።

«መመለሻው ችግር ነው»

ይህ ደግሞ ምንም መሠረት የለውም። ከሐዋሳ መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ በሚሄዱ መኪኖች ጣሪያ ላይ ብስክሌት ይጫናል፤ ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ጎማው ከመሬት ከመነሣቱ በፊት ተነጋገሩ። ፔዳሎቹን ፍቱ፣ መሪውን ወደ ጎን አዙሩ፣ ማርሹ ያለበትን ወገን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት፤ ሌላ ጓዝ እንዳይጫንበት ከዳር እንዲሆን አድርጉ። ገመዱን ደግሞ ራሳችሁ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ እሰሩት፤ ሻሸመኔ ላይ መኪናው ሲቆምም ወርዳችሁ ቋጠሮውን አንድ ጊዜ እዩት።